ሳይከፈት ቀርቷል

ጡረታ ልወጣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ በጅማው መሥሪያ ቤታችን የስብሰባ ክፍል በር በኩል ሳልፍ ስሜን ሰማሁ። ኦብሳ የሚባለው ወጣት የደኅንነት ኃላፊያችን አዲስ ለተቀጠሩ የመብራት መስመር ሠራተኞች ሥልጠና እየሰጠ ነበር። በሩ ላይ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ይኸው መጡ! ይግቡ ጋሽ ሥዩም፣ ይግቡ እንጂ። ይህን ሪፖርት የጻፉት እሳቸው ናቸው። አያችሁ? አንድ ትርፍ ቃል የለውም። ሪፖርት ማለት ይሄ ነው።»

ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የበራው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ከዓመታት በፊት ከሊሙ ገነት ወጣ ብሎ ባለ የቡና ጫካ ውስጥ ስለደረሰ የኤሌክትሪክ አደጋ የጻፍኩት አንድ ገጽ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሠልጣኝ እጇን አወጣች።

«የኤሌክትሪክ መፈተሻው ወገቡ ላይ እያለ ሰውየው ለምን አልፈተሸም?»

«ችኮላ!» አለ ኦብሳ። ቃሉንም ሰሌዳው ላይ ጻፈው። «ነዚፍ ይባላል። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር አሉ። አንድ ደቂቃ ልቆጥብ ብሎ ቀኝ እጁን አጣ። እንደ ነዚፍ እንዳትሆኑ።»

ሠልጣኞቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ወጣሁ። ነዚፍ በዚያ ክፍል ውስጥ የጥፋት ምሳሌ ሆኖ ሲነሣ እንደኖረ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ሪፖርቱ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ይህን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የምሰሶው ቁጥር፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሁሉም ልክ ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በቅርንጫፉ መነሻ ምሰሶ ላይ ካሉት ሦስት ፊውዞች አንዱ ሳይከፈት ቀርቷል።» ይህም እውነት ነው። ማን እንዳልከፈተው ግን አይናገርም። ለምን እንዳልከፈተውም አይናገርም። ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ የገፋፋኝ ያ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ የምጽፈውም ወደ እሱ የሚያደርሰውን ነው።

የተወለድኩት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ጸሐፊ ነበር። ከእሱ የወረስኩት የእጅ ጽሑፉንና ነገርን ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ የመመዝገብ ልማዱን ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደጨረስኩ በመስመር ሠራተኛነት ተቀጠርኩና አጋሮ ተመደብኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሥራውን ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደድኩት። ከምሰሶ ላይ ሆኖ የቡናውን ጫካ ከላይ ወደ ታች ማየት፣ ሥራ ጨርሶ ሲወርዱ ደግሞ የቡና መፈልፈያው ሞተር በአንድ ጊዜ ሲነሣ መስማት ሌላ ሥራ ላይ አይገኝም።

አጋሮ ላይ ያሠለጠነኝ ጋሽ ታማም ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ቆቡን ከራሱ የማያወርድ ሰው። የእንጨት ምሰሶ ከመውጣቱ በፊት ግንዱን በመዶሻ ሦስት ቦታ ይመታና ጆሮውን ይሰጠዋል። ደህና እንጨት ይጮኻል፤ ውስጡ የበሰበሰው እህል የሞላ ጆንያ እንደ መምታት ነው፣ ድፍን ይላል። ገመዱን ማንም እንዲጠቀልልለት አይፈቅድም። ከሁሉ የሚበልጠው ልማዱ ግን አንድ ጥያቄ ነበር።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። ከዋናው መስመር ቅርንጫፍ በሚነሣበት ምሰሶ ላይ ሦስት ፊውዞች አሉ፣ ለየሽቦው አንድ አንድ። ከታች ሆነህ በረጅም ዘንግ ስትስባቸው እየተላቀቁ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ሦስቱም ከተንጠለጠሉ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ሞቷል እንላለን። አንዱ ሠራተኛ ፊውዙን ይከፍታል፣ ሌላው ብልሽቱ ወዳለበት ምሰሶ ይወጣል። ጋሽ ታማም ምሰሶው ሥር ቆሞ «መስመሩ ሞቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። «ሞቷል ማለትማ ቤቱ የተኛም ሰው ይላል» ይል ነበር። የሚጠይቀው በኦሮምኛ ነው፦ «ኤኙቱ አርጌ?» ማን ነው ያየው? የከፈተው ሰው ደግሞ «አናቱ አርጌ» ማለት አለበት። እኔ ነኝ ያየሁት።

የመጀመሪያ ቀን ኦሮምኛዬ ገና የሰፈር ኦሮምኛ ነበር። ጥያቄውን ሳልመልስ ስቀር ጋሽ ታማም «አናቱ በል እንጂ! አናቱ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ የምሰሶውን አናት ያለኝ መስሎኝ አንጋጥጬ ጫፉን ማየት ጀመርኩ። ሥራው ቆመ። ጋሽ ታማም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «አናቱንም እየው። ከዚያ ግን አፍህን ከፍተህ ‹እኔ› በል። ‹ታይቷል› የሚል ሰው ከእኔ ጋር ምሰሶ አይወጣም። ታይቷል የሚባል ሰው የለም።»

በሁለተኛው ዓመት መክሳት ጀመርኩ። ውኃ አይበቃኝም ነበር። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ከምሰሶ እየወረድኩ ቁጥቋጦ ሥር ስሄድ ጓደኞቼ «ሥዩም ቡናውን ውኃ እያጠጣው ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ ወደቅኩ። ጅማ ሆስፒታል ስነቃ ሐኪሙ የስኳር በሽታ እንዳለብኝ፣ ዓይነቱም በኪኒን የማይመለስ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በየቀኑ ኢንሱሊን መወጋት ያለብኝ እንደሆነ ነገረኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ አስፍቶ ያስረዳኝ ስኳር ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ነው። ምሰሶ ላይ ላለ ሰው የሚያሰጋው ግን ሲወርድ መሆኑን ያወቅኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። መርፌ ተወግተህ ምግብ ከዘገየ ስኳሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ላብ ይመጣል፣ ከዚያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ምላስ ይደነዝዛል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ክፉው ነው፤ ጭንቅላትህ ይሳሳታል፣ መሳሳቱን ግን አይነግርህም። እንዲያውም ደህና ነኝ ብለህ ትከራከራለህ።

ከሆስፒታል በተመለስኩ በወሩ ምሰሶ ላይ ሆኜ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ታማም ከታች አየኝ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ወጣ፣ የወገቤን ቀበቶ ከራሱ ጋር አሰረና አወረደኝ። መሬት ስደርስ ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ሻሂ ቤት ወስዶኝ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻሂ አስቀርቦ እስክጨርስ ጠበቀኝና እንዲህ አለኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄው ሁለት ነው። መስመሩን ማን አየው፣ አንተንስ ስትበላ ማን አየህ። ሁለቱም ካልተመለሱ አትወጣም።»

እንዳለውም አደረገ። ለስምንት ዓመት ከማንኛውም ምሰሶ በፊት ስበላ ቆሞ አይቶኛል። በረመዳን እንኳ። የመጀመሪያው ረመዳን ላይ እሱ ጾሞ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እኔ እሱ ፊት መብላት አቅቶኝ ዳቦዬን ይዤ ከመኪናው ጀርባ ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ጾመዋል። ነውር ነው።»

«እዚሁ ብላ። የእኔ ጾም በአንተ አፍ አይፈርስም። ዞር ብለህ ከበላህ መብላትህን ማን አየ?»

ፊቱ ቁጭ ብዬ በላሁ። እሱም ዓይኑን ሳያነሣ አየኝ። ከዚያ ተነሣና ምሰሶውን በመዶሻ መታ።

አንድ የቡና መቀሸሪያ ባለቤት ማሽኑ ቆሞበት ራሱ መኪና ነድቶ መጣና ጮኸብን። እኔ ስኳሬ ወርዶ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዤ ግንድ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። «ይሄ ሰው ለምን ተቀምጧል? መስመሩ ከተቋረጠ ሦስት ሰዓት ሆነው እኮ!» ጋሽ ታማም በእርጋታ መለሰለት። «የተቋረጠው መስመሩ ብቻ አይደለም ጌታዬ፤ ልጁም ተቋርጧል። መጀመሪያ እሱን እንቀጥላለን።» ባለቤቱ ሳይወድ ሳቀ። ሩብ ሰዓት ጠበቀ። ያቺ ሩብ ሰዓት ማንንም አልጎዳችም። ይህን የምጽፈው ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ አውቅ እንደነበር ለመግለጽ ነው።

ጋሽ ታማም ጡረታ ወጥቶ ወደ ጅሬን ልጆቹ ጋ ሲገባ አንድ አደራ ሰጠኝ። «አብሮህ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ንገረው። ለአለቃ አይደለም፣ ለሚወጣው ሰው።» እሺ አልኩት። አልነገርኩም።

ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ዓመት የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ባልደረባችን በሐኪም ወረቀት ከመስመር ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበ። በአጋሮ ላይ ከእሱ የተሻለ ገመድ የሚያስር አልነበረም። ስሄድ ብሎን በመጠን በመጠኑ ለይቶ ሲቆጥር አገኘዋለሁ። ቀና ብሎ «መስመሩ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ ቤቱን ትቶ የወጣ ሰው ስለ ቤቱ እንደሚጠይቀው። እዚያ አያድርሰኝ አልኩና ዝም አልኩ። ደግሞም ራሴን እጠብቃለሁ ብዬ አምን ነበር። በደብተር እመዘግባለሁ፣ መርፌዬን ደቂቃ አላሳልፍም፣ ደረት ኪሴ ከረሜላ አይለየውም። የጎደለው የሚያየኝ ሰው ብቻ ነበር። ያንን ደግሞ እንደ ጎደሎ አልቆጠርኩትም።

ቡድን መሪ ሆኜ ሊሙ ገነት ተዛወርኩ። መድኃኒቴን የማስቀምጠው እርጥብ አሸዋ በሞላበት እንስራ ውስጥ ነበር፣ መብራት እየጠፋ ማቀዝቀዣ የሚታመንበት ከተማ አልነበረምና። መስመር ሲቋረጥ እኔ የከተማውን መብራት ለመመለስ ጫካ ለጫካ ስዞር እቤቴ አሸዋው እየደረቀ መድኃኒቴ ይሞቅ ነበር። ይህንንም ማንም አያውቅም። በሁዳዴ ጾም የንስሐ አባቴ እንድበላ ፈቅደውልኛል። ነገር ግን አንድ ጤነኛ የሚመስል ክርስቲያን በሁዳዴ ጠዋት ሲበላ ከታየ «ምን ሆነህ ነው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ቤቴ በልቼ እወጣና መሥሪያ ቤት ጾመኛ ነኝ እል ነበር። ትንሽ ውሸት ነበረች፣ በዓመት ለሁለት ወር ያህል የምታገለግል።

ነዚፍን ያገኘሁት እዚያ ነው። የሊሙ ልጅ ነው፣ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ግድም ያንሳል። ፈጣን፣ ቀልደኛ፣ ምሰሶ ላይ ሆኖ የሚያንጎራጉር። የጋሽ ታማምን ጥያቄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለ መስመሩ የሚጠየቀውን አንዱን ብቻ።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። በሌሊቱ የበልግ ዝናብ ከነፋስ ጋር ጥሎ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የቡና ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ወደቀ። ስልክ የተደወለልኝ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መርፌዬን እንደተወጋሁ ነው። ግማሽ ዳቦ በልቼ ሮጥኩ። የቀረውን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። የምወስደው መድኃኒት የሚበረታው ከተወጋሁት ከአራትና ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ይህንን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

መኪና ውስጥ ሦስት ነበርን። ሻፊ ሹፌሩ፣ ነዚፍና እኔ። ነዚፍ መሐል ተቀምጧል።

«ጋሽ ሥዩም፣ ጾም ነዎት አይደል?»

«ጾም ነኝ።»

«በቃ መኪናው ሙሉ ጾመኛ ነው! ሻፊ፣ ይሄ መኪና ዛሬ በናፍጣ አይደለም የሚሄደው፣ በዱዓ ነው።»

«አንተ ዱዓህን ለፍሬኑ አድርግ» አለ ሻፊ። «መንገዱ ሳሙና ሆኗል።»

«እኛስ መግሪብ ላይ እንበላለን። ጋሼ ግን በዘጠኝ ሰዓት ጥለውን ሊያፈጥሩ ነው። ማሎ፣ እባክዎ፣ ዛሬ እንኳ ይጠብቁን!»

ሳቅን። መንገዱ ክፉ ስለነበር፣ መኪናውን ከጭቃ እየገፋን ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ላብ የጀመረኝ መኪና ውስጥ ነው። አራት ከረሜላ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ሲላጥ ይሰማል። የነዚፍ ትከሻ ትከሻዬን ይነካል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል፣ ምራቁን እንኳ ለመዋጥ ይሰስታል። ደግሞ ጾም ነኝ ብያለሁ። ስንደርስ ዞር ብዬ እበላለሁ አልኩ። ስንደርስ ዛፉ መንገድ ዘግቶ፣ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር፣ አብዛኛው ጾመኛ። ከነዚፍ ተለይቼ ወደ መነሻው ምሰሶ ስሄድ እበላለሁ አልኩ። ወደ ምሰሶው ስሄድ ደግሞ መብላት እንዳለብኝ ረሳሁት። በሽታው የሚሠራው እንዲህ ነው።

ቡናው ቀደም ባለው ዝናብ አብቦ ጫካው ነጭ ነበር። ዘንጉን አንሥቼ ፊውዞቹን ሳብኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ሦስት ተንጠልጥለው አየሁ። ይህን ሐሰት ነው ልል አልችልም፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ሦስት ሆነው ይታዩኛል። ምናልባት አንዱን ሁለቴ ስቤው ይሆናል። አላውቅም።

ነዚፍ ሁለት ምሰሶ አልፎ፣ በዛፎች መካከል አይታየኝም። ድምፁ ግን መጣ።

«ጋሼ! ኤኙቱ አርጌ?»

«አናቱ አርጌ!» አልኩ።

«ቶሌ!» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው።

መፈተሻው ወገቡ ላይ ነበር። መስመሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ከመስቀሉ በፊት በመፈተሻው መንካት ነበረበት። አልነካም። እኔ አይቻለሁ ብያለሁና።

ድምፁ ቅርንጫፍ እንደ መሰበር ነበር፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሰው ጩኸት። ቀና ስል ሦስተኛው ፊውዝ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ እንደተዘጋ ነው። በዘንጉ ሳብኩትና ከፈትኩት። መሮጥ ስጀምር እግሬ ከዳኝ። ያኔ ነው እጄ ኪሴ የገባው። አራቱንም ከረሜላ፣ ሁለቱን ከነወረቀታቸው፣ አፌ ውስጥ ከተትኩ። እያኘክሁ ሮጥኩ። ሰዎቹ ሁሉ አዩኝ፣ ማንም ግን ምንም አላለኝም። ስፈራው የኖርኩት ነገር ሆነ፣ ያ ሁሉ ፍርሃትም ለምንም አልነበረም።

ነዚፍ በወገቡ ቀበቶ ተንጠልጥሎ ነበር። በሕይወት አወረድነው። ጅማ ሆስፒታል ቀኝ እጁን ከአንጓው ላይ ቆረጡት።

ሪፖርቱን የጻፍኩት በሦስተኛው ቀን ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «አልከፈትኩትም» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣሁና «ሳይከፈት ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩ። መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ «የከፈትኩት መስሎኝ ነበር» አልኩ። ይህም እውነት ነበር። አሮጌ ፊውዝ ሳይላቀቅ ሊቀር ይችላል ተባለ፣ ሠራተኛው መፈተሽ እንደነበረበት ተመዘገበ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

ሆስፒታል ስጠይቀው ነዚፍ የታሰረ እጁን እያየ «ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ፣ መፈተሽ ነበረብኝ» አለኝ። እኔም «አይዞህ» አልኩት። በሥራ ዘመኔ በጣም የምጸጸትበት ቃል ያ ነው። ከ«አናቱ አርጌ» ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል። አንደኛውን የተናገርኩት ታምሜ ነው። «አይዞህ» ያልኩት ግን ስኳሬ ልክ ሆኖ፣ ሙሉ አእምሮዬን ይዤ ነው።

ጋሽ ታማም አደጋውን ሰምቶ ነበር። ጅሬን ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑ ደክሟል። ስለ መስመሩ አልጠየቀኝም። «በልተህ ነበር?» አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ስለ ልጆቹ አወራኝ። በዓመቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ ምሰሶ ሥር አልቆምኩም። የቢሮ ሥራ ጠይቄ ጅማ ገባሁና የቀረውን ዘመኔን የሰው ሪፖርት ሳርም ኖርኩ።

ኦብሳ «ችኮላ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ከጻፈ በኋላ በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጽፌ ሊሙ ገነት ሄድኩ። ለኦብሳ ከመስጠቴ በፊት ነዚፍ መስማት ነበረበት። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችው። ሲያየኝ ተነሥቶ በግራ እጁ ጨበጠኝ።

«ጋሽ ሥዩም! ጡረታ ሊወጡ ነው አሉ እኮ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ለስላሳ ልክፈትልዎ?»

ተቀመጥኩ። ለስላሳውን አልፈለግሁም አልኩ። ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩለት። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። የስኳር በሽተኛ እንደነበርኩ፣ እንደደበቅኩ፣ ያን ቀን በቅጡ ሳልበላ እንደወጣሁ፣ ሦስተኛውን ፊውዝ እኔ እንዳልከፈትኩት፣ ከፍቻለሁ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ።

አንዲት ሴት መጥታ ሳሙና ገዛች። ነዚፍ ሸጠላት። ከሄደች በኋላ ተናገረ።

«ልጄ ስታድግ ጠየቀችኝ። ‹አባዬ ለምን አልፈተሽክም?› ብላ። ቸኩዬ ነው አልኳት። አሁን ራሷ ስትሳሳት ‹እንደ አባዬ ቸኮልኩ› ትላለች።»

ወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩትን፣ ከረሜላ ይዤ እንደነበርም ነገርኩት።

«ከረሜላው የት ነበር ያልከኝ?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንተ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«ደረት ኪሴ።»

«ስንት?»

«አራት።»

«እኔ አጠገብህ ተቀምጬ? ትከሻህ ትከሻዬን እየነካ?»

«አዎ። ጾመሃል ብዬ ነው። አፈርኩ።»

ሳቀ፣ ግን ሳቅ አልነበረም። «እናቴ ስኳር አለባት። ያኔም ነበረባት። ረመዳን ላይ እንድትበላ ሐኪም አዝዟት እሷ ግን እኔ ስጾም መብላት ታፍር ነበር። ፊቷ ቁጭ ብዬ፣ እኔ ጾሜ፣ በእጄ ነበር የማጎርሳት። በዚህ።» የቀኝ እጅጌውን አነሣ። እጅጌው ባዶውን ታጠፈ።



«ጻፈው» አለ በመጨረሻ። «ስጣቸው። እኔ አለመፈተሼን ግን እንዳትሰርዘው። እሱ የእኔ ነው። ሪፖርቱ ላይ ‹ሳይከፈት ቀርቷል› የሚለውን ግን አጥፋ።»

«ነዚፍ፣ ይቅርታ...»

«ቆይ። ጾም አይደለም እኮ በአንድ ቀን የሚፈታ።»

ተነሣሁ። ልወጣ ስል ወረቀቱን ሳጥፍ እጄ መንቀጥቀጡን ያየው ከእኔ በፊት እሱ ነው። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ምሳ ሳልበላ ነበር የመጣሁት፤ ዛሬም ያው ነኝ።

«ወርዶብሃል» አለ። ጥያቄ አልነበረም። «ቁጭ በል።»

ከብርጭቆ ዕቃው ውስጥ አንድ ከረሜላ አወጣ። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። የወረቀቱን አንድ ጫፍ በጥርሱ ነከሰ፣ ሌላውን በግራ እጁ ያዘና ማጠማዘዝ ጀመረ። አንዴ አመለጠው፣ መሬት ወደቀ። ሌላ አወጣ። ጊዜ ወሰደበት። አልረዳሁትም፣ እንድረዳውም አልፈለገም። በመጨረሻ ተላጠ።

«ብላ» አለኝ።

መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ሰው እየተመላለሰ፣ ፊቱ ቁጭ ብዬ በላሁ። ከረሜላው አልቆ እጄ እስኪረጋ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።